ከበራችን የተመለሰው መርዶ

ልጅ እያለሁ የጠዋት የበር ደወልን ያህል የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ስቶክሆልም ዳር፣ ሪንከቢ ያደጋችሁ እኩዮቼ ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስዊድናውያን የክፍል ጓደኞቻችን አልጋ ሥር ስለሚደበቅ ጭራቅ ያወሩ ነበር። የእኛ ጭራቅ ግን ደረጃ ላይ ነበር፤ ያውም ነጠላ ለብሶ። ገና በማለዳ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ሳይሳሳቁ፣ ድምፃቸውን አጥፍተው፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ደረጃውን ከወጡ፣ አንዱ ቤት መርዶ ሊገባ ነው ማለት ነው። እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ኮቴ አዳምጥ ነበር። የአንድ ሰው ኮቴ ከሆነ ጋዜጣ አዳዩ ነው፤ እተኛለሁ። የብዙ ሰው ከሆነ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ «በእኛ በር አይቁም፣ በእኛ በር አይቁም» እላለሁ።

ያኔ መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር። አገር ቤት ሰው ሲሞት የሚደወለው ለሟቹ እህት ሳይሆን ለእህቱ ጎረቤት ነው። ጎረቤቷ ሽማግሌ ትፈልጋለች፤ ሽማግሌው ሁለት ሦስት ሴቶች ይጨምራሉ፤ ሥራ የማትገባበት ቀን ይጠናል፤ ከዚያ ከአልጋዋ ሳትነሳ ይመጡባታል። ወጉ ክፉ ወሬን ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው፤ ስትወድቅ የሚይዟት እጆች አጠገቧ እንዲኖሩ። ሰባት ዓመቴ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ለምትኖር አንዲት የጎንደር ሴት እንዲህ ተነገራት። ጩኸቷ ደረጃውን ወጥቶ በበራችን ሥር ሾልኮ ገባ። የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። ፊት ለፊቷ የሚኖሩት ስዊድናዊ አዛውንት ሰው የሚገደል መስሏቸው ፖሊስ ጠሩ፤ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ነገሩ ሲገባቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ። ትልልቆቹ ይህን እያነሱ ለዓመታት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያ ጩኸት ከእናቴ አፍ የወጣ ቀን እናቴ ተመልሳ እናቴ እንደማትሆን እርግጠኛ ነበርኩ።

እናቴ ዘይነብ የደሴ ልጅ ናት። በሱዳን አድርገን ስቶክሆልም ስንገባ እኔ አራት ዓመቴ ነበር። የአባቴ ታሪክ አጭር ነው፤ ካርቱም ላይ ሌላ አገባ። እናቴ በየማለዳው ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጣ ፋርስታ ትሄድና አረጋውያን ስዊድናውያንን ስታጥብ፣ ስታበላ ትውላለች። በዓለም ላይ የቀራት የሥጋ ዘመድ ታናሽ ወንድሟ ሰይድ ብቻ ነበር። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ አምስት፣ እሱ አራት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። እኛ ከወጣን በኋላ ሰይድን ከደሴ አውቶቡስ ተራ በአፈሳ ይዘው፣ ወታደር አድርገው ኤርትራ ላኩት። አንድ ደብዳቤ ከምጽዋ ደረሰን። «እቴ፣ ባሕር አየሁ። ጨው ነው ሲሉኝ አላመንኩም ነበርና ቀመስኩት። እውነታቸውን ነው» ይላል። እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ትስቅና ሳቋን ሳትጨርስ ታለቅሳለች። ደብዳቤውን እኔም በቃሌ አውቀው ነበር።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ እትዬ ለተብርሃን ትኖር ነበር። አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የኖረች፣ አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ መቶ እጅ የሚሻል ሴት ናት። ባል የላት፣ ልጅ የላት። እሷም አንድ ወንድም ብቻ ነበራት፤ የነጻነት ታጋይ ነበር፣ ሜዳ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመቱ። ከእናቴ ጋር ያወዳጃቸው ትቬትስቱጋው ነው፤ ማለቴ በሕንፃችን ምድር ቤት ያለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ። ማክሰኞ ከሰዓት ተራቸውን ተከታትለው ይይዙና አብረው ያጥባሉ፤ አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘው፣ ወጠር አድርገው፣ እየተቀራረቡ ያጥፋሉ። እኔ የሞቀው ማድረቂያ ላይ ተቀምጬ የሳሙናውን ሽታ እየማግሁ እትዬ ለተብርሃን የምትሰጠኝን ብስኩት እበላለሁ። ስለ ጦርነቱ አያወሩም። «ያንቺ ልጅ ወሬው ተሰማ?» ትላለች አንዷ። «ምንም። ያንቺስ?» «ምንም።» አንዷ «አላህ ያውጣው» ስትል ሌላዋ «ማርያም ታውጣው» ትላለች። በቃ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ፣ ብስኩቱ አፌ ውስጥ እያለ፣ የሁለቱም ወንድሞች የተፋጠጡት እርስ በርስ መሆኑ ድንገት ገባኝ። የእሷ ወንድም የእኛን ቢገድለውስ? የእኛ የእሷን ቢገድለውስ? ማንን ይጠይቁታል ይህን? ብስኩቱን በምላሴ አርጥቤ አርጥቤ በስንት መከራ ዋጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ለተብርሃን ስታቅፈኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

በፈረንጆቹ 1990 የካቲት ላይ ምጽዋ በታጋዮቹ እጅ ገባች። ዜናውን የሰማነው ከሬዲዮ ሳይሆን ከጣሪያችን ነው። መጀመሪያ አንድ እልልታ፣ ቀጥሎ ብዙ እልልታ፣ ከዚያ ከበሮና እግር። ሳሎናችን ውስጥ የተንጠለጠለው መብራት ተወዛወዘ። እናቴ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ጭፈራው እስኪያበቃ ድረስ ጣሪያውን እያየች ቆየች። ምጽዋ ማለት ለእኛ ሰይድ ባሕሩን የቀመሰባት ከተማ ናት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እትዬ ለተብርሃን የአንሶላውን ጫፍ ስትዘረጋላት እናቴ አልተቀበለቻትም።

«ደስ ብሏችኋል» አለቻት።

«ዘይነብ፣ ሠላሳ ዓመት የሞትንለት ነገር ነው። ቅኝ ተገዝቶ መኖር ምን እንደሆነ አልደረሰብሽም። ጣልያን ሄደ፣ እንግሊዝ ሄደ፣ ከዚያ እናንተ መጣችሁ።»

«እናንተ? ሰይድ ነው ቅኝ ገዢው? ከአውቶቡስ ተራ አንጠልጥለው የወሰዱት ልጅ?»

«ስለ ሰይድ ማን አወራ?»

«ምጽዋ ያለው እኮ ሰይድ ነው!»

ከዚያ ወዲያ እናቴ ተራዋን ወደ ሐሙስ ቀየረች። የሁለቱ ኩርፊያ አጎቴን የሚገድለው ይመስለኝ ስለነበር በጣም ፈራሁ። ትምህርት ቤት ደግሞ መምህራችን ስለ ቅኝ ግዛት ስታስተምር ነጭ ቆብ የደፉ፣ በሰው ትከሻ የሚጓዙ ጌቶች ሥዕል አሳይታን ነበር። ቤት ስገባ «እማዬ፣ እኛ ቅኝ ገዢዎች ነን?» አልኳት። እናቴ ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ አየችኝ። «አዎን፤ አሁንም ከቅኝ ግዛቴ ከፋርስታ ስምንት ሽማግሌ አጥቤ መምጣቴ ነው» አለች። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከምጽዋ በኋላ ግን ደብዳቤ የሚባል ነገር መጥቶልን አያውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ አስመራ ተያዘች፤ ጦርነቱ አለቀ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሪንከቢ አደባባይ በባንዲራ፣ በከበሮና በእንባ ተሞልቶ ደረስኩ። የማላውቃቸው ሴቶች ሳሙኝ። ከሕዝቡ መሐል መውጫ አጥቼ አለቀስኩ፤ እነሱ የደስታ መሰላቸውና ጨመሩልኝ። የሚገርመው እናቴ በዚያ ወር ተስፋዋ ለመለመ። የተማረኩት ተለቀቁ፣ ወታደሩ በእግሩ ወደ ሱዳን እየወጣ ነው፣ እከሌ ቤቱ ገባ እየተባለ ይወራል። «ሰይድ እግሩ ፈጣን ነው» ትለኝ ነበር። ጎኔን አቅፋ ትተኛና የእሱን መንገድ በሐሳቧ ትጓዛለች። እኔ የምተኛው ኮቴ እያዳመጥኩ ነው።

ሐምሌ ላይ፣ በቅዳሜ፣ ፀሐይዋ ሌሊቱን ሙሉ የጠለቀች በማትመስልበት ጠዋት፣ ኮቴው መጣ። ሁለተኛ ፎቅን አለፈ። እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ። ደወሉ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ ጮኸ። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ደክማ ስለነበር አልሰማችም። እኔ በርጩማ አስጠግቼ በበሩ ማያ አየሁ። ከፊት የሪንከቢ የወሎ ሰው ሁሉ ሽማግሌ የሆኑት ጋሼ ይማም፣ ከኋላቸው ሁለት የደሴ ሴቶች፣ ከሁሉም ኋላ እትዬ ለተብርሃን ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ከበርጩማው የወረድኩ አይመስለኝም፤ የወደቅኩ ይመስለኛል።

«ማነው?» አልኩ፣ ደብዳቤ በሚገባባት የበሩ ቀዳዳ።

«እኛ ነን የኔ ልጅ፤ ይማም ነኝ። እናትሽን ቀስቅሻት።»

«የለችም ጋሼ። ሥራ ገብታለች።»

«በቅዳሜ?»

«ሰው ታሞባቸው ጠርተዋት ነው።»

ውሸቱ እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳል ሰማሁ፤ ሹክሹክታ ሰማሁ። ከዚያ የቀዳዳዋ ክዳን ተገለጠ፤ እትዬ ለተብርሃን ተንበርክካ ነበር። ዓይኖቿ አብጠዋል። «ሐዩ፣ ክፈቺልኝ ጓለይ፣ ልጄ» አለች፣ ሌሎቹ በማይሰሙት ድምፅ። «እናትሽ አለች። ጫማዋ ይታየኛል።»

እኔም በዚያው ድምፅ «ወንድምሽ ነው የገደለው፣ አይደል?» አልኳት።

ክዳኑን እንዳይጮህ በጣቷ ይዛ ዘጋችው፤ ቆመችና «የለችም፤ እንሂድ» አለቻቸው። ደረጃውን ወረዱ። እኔ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ተቀመጥኩ። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ሰይድ አልሞተም ብዬ አምኜ ነበር፤ በእውነት አምኜ ነበር።

እናቴ ስትነሳ ደስ ብሏት ነው የተነሳችው። «ነይ እስቲ፣ ለአጎትሽ ሱሪ እንግዛለት፤ ያ የወታደር ልብስ ከላዩ ይውለቅለት» አለችና ፋርስታ ይዛኝ ሄደች። ከሱቅ ሱቅ እየገባች የማታውቀውን ወገብ በእጆቿ እየለካች ሻጮቹን አስቸገረች። እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ አይስክሬም እምቢ አልኩ። ስንመለስ የሕንፃችን መግቢያ ላይ እትዬ ለተብርሃን ቆማ አገኘናት። እናቴ፣ ያ ሁሉ ወር ያኮረፈችው፣ ደስታዋ አላስችላት ብሎ ከረጢቱን ከፈተች። «ለሰይድ ነው። እስቲ እዪው፤ ይሰፋዋል እንዴ?» እትዬ ለተብርሃን ጨርቁን ዳሰሰች። መርዶ በደረጃ ላይ፣ አንድ ሰው ለብቻው፣ ልጅ ባለበት አይነግርም። «ልኩ ነው» አለች። ዓይኗን ወደ እኔ አላመጣችም።

እሑድ ስልክ ጮኸ። አንስቼ «ሃሎ» ሳይሉኝ ዘጋሁት፤ ከዚያ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ለካ መኖሯን አጣርተው ሊመጡ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ሁለት ቀን በትንንሽ እጆቼ ያገድኩት መርዶ ሰኞ ጠዋት እናቴን ባቡር ጣቢያ ጠብቆ አገኛት። ቅዳሜ ተነግሯታል ብላ ያሰበች አንዲት የወሎ ሴት፣ ሥራ ልትገባ ስትሮጥ፣ እጇን ጨብጣ «ዘይነብዬ፣ አላህ ያጽናሽ፤ ሰይድን ጀነት ያግባልን» አለቻትና በመጣው ባቡር ሄደች። እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ባቡሮች መጡ፣ ሄዱ። በኋላ ወደ ሥራ ስትሄድ ያገኘቻት እትዬ ለተብርሃን ናት። ደግፋ አመጣቻት። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ ፊቷ የሌላ ሰው ነበር። ካሰብኩት ጩኸት ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራኝ።

ቤታችን በሰው ሞላ። ነገሩ ቀስ እያለ ተገለጠ። የአስመራ ስልክ መሥራት እንደጀመረ እትዬ ለተብርሃን ለዘመዶቿ ደውላ «የደሴ ልጅ ነው፣ ሰይድ ይባላል፣ ምጽዋ ነበር» እያለች ታፈላልገው ነበር፤ እናቴ እያኮረፈቻት። አብሮት የነበረ አንድ ምርኮኛ ተገኘ። ሰይድ የሞተው ምጽዋ የተያዘች ቀን ነው። እኛ ጣሪያችን ሥር ከበሮ ስናዳምጥ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እንግዳ «ቅዳሜ ሄዳችሁ አልነበረም እንዴ? እንዴት መንገድ ላይ ሰማች?» ብላ ጠየቀች። «የለችም ተባልን» አሉ ጋሼ ይማም። እናቴ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ቀና አለች። «ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ተኝቼ ነበር» አለች። እኔ ውሃ የያዘ ትሪ ይዤ መሐላቸው ቆሜ ነበር። ጋሼ ይማም አዩኝ።

«እኔ ነኝ የለችም ያልኳቸው» አለች እትዬ ለተብርሃን ከጥግ። «ልቤ እምቢ አለኝ።»

ጋሼ ይማም ጢማቸውን ዳበሱና ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ሁለቱ ሴቶችም ዝም አሉ። እናቴ ወደ ጥጉ ዞረች። «እያወቅሽ» አለቻት፣ «ሱሪውን ልኩ ነው አልሽኝ?» እትዬ ለተብርሃን ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ስታልፍ ትሪውን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝና ወጣች።

እናቴ በሩን አልዘጋችባትም፤ ሰላምታ ሲሰጧት ትመልሳለች፣ ከዚያ በላይ ግን የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ እነሱ ለነጻነታቸው ድምፅ በሰጡበት ሰሞን የእትዬ ለተብርሃን ወንድም መርዶም መጣ፤ ገና ድሮ፣ እኛ ስዊድን ሳንገባ ተሰውቶ ኖሯል። ማንንም አልገደለብንም። እናቴ ወግ ነውና አንድ ሰዓት ተቀምጣላት ወረደች። እኔ ከደረጃው አላለፍኩም። ከዚያ እትዬ ለተብርሃን ወደ ሜርስታ ተዛወረች፤ እኔም ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ አደግሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ።

ዛሬ ሞት የሚነገረን በስልክ መስታወት ላይ ነው፤ ከሟቹ ፎቶና ከአንድ ሻማ ሥዕል ጋር። ልጆቼ በስዊድንኛ «አዝናለሁ እማዬ» ይሉኛል። ኮቴ አያዳምጡም፤ ጠዋት ደወል ሲጮህ ዕቃ የመጣላቸው መስሏቸው ይሮጣሉ። ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ግን ያ በደረጃ የሚመጣ ሕዝብ ይናፍቀኛል፤ እኔው ነኝ ደግሞ የመለስኩት።

እትዬ ለተብርሃን ባለፈው የካቲት አረፈች። እናቴ በሰባ ዓመቷ ከእኔ ጋር ቀብር ሄደች፤ ከኋላ ቆመች፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ስንመለስ ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስለ ቅዳሜዋ ነገርኳት። ስለ በርጩማው፣ ስለ ቀዳዳዋ፣ ያልኩትን ሁሉ። ድምፄ የአሥር ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ። ሁለት ጣቢያ አለፍን።

«ሠላሳ ምናምን ዓመት» አለች እናቴ በመጨረሻ፣ «ሰላምታዋን በግማሽ አፍ ነው የመለስኩላት።»

ከዚያ ጮኸች። ለሰይድ ያልጮኸችውን፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁትን ጩኸት፣ በዚያ ሰው ሁሉ ስልኩን አቀርቅሮ በሚያይበት ባቡር ውስጥ፣ ደረቷን እየመታች «እህቴን፣ እህቴን፣ ለተብርሃንዬን» እያለች ጮኸች። ሰዎች ቀና አሉ፤ አንዳንዱ ወንበር ለወጠ። እኔ ወገቧን ይዤ «አልቅሺ እማዬ» አልኳት። በልጅነቴ እንዳሰብኩት ጥላኝ አልሄደችም፤ እናቴ ነበረች። ባቡሩ ሪንከቢ ደርሶ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። አልወረድንም። እስክትጨርስ ድረስ እስከ መጨረሻው ጣቢያ አብረን ሄድን።